ማቲ ያሸነፈበት ሩጫ

ልጅነቴ ያለፈው ቱርሚ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደርቆ አሸዋው ብቻ ከሚታይ ወንዝ ዳር። አባቴ አናጺ ነበር፤ ከጋሞ አገር ሥራ ፍለጋ መጥቶ እዚያው ቀረ። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ማቲና እኔ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር እንኖር ነበር። ያኔ ሲመሽ የምናውቀው ብርሃን ኩራዝና ደጃፋችን ላይ የሚነድ የግራር ፍም ብቻ ነበር።

በጋ ሲገባ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጳውሎስ ከጂንካ በአይሱዙ እየመጡ እኛ ቤት ይሰነብቱ ነበር። እኛ ልጆች የምንናፍቀው ተረታቸውን ነው። ጭሱ ወደ እሳቸው ሲዞር እንኳ ፊታቸውን አያዞሩም፤ ቆሎ እየቆረጠሙ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉት እኛ ወደ ፍሙ ጠጋ እንላለን። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአራዊቱን ሩጫ ነበር። ድርቅ ገብቶ አንድ የውሃ ጉድጓድ ብቻ ሲቀር አራዊቱ አሸዋ ላይ ሊሽቀዳደሙ ይማማላሉ፤ የቀደመ ይጠጣል፣ መጨረሻ የወጣ የዳኛው የአንበሳ እራት ይሆናል። ጋሽ ጳውሎስን የሚጥማቸው የጠጣውን ማውራት አልነበረም። የተበላው እንዴት እንደተንፈራገጠ፣ አጥንቱ እንዴት እንደተሰበረ ነበር። ቆሎው ጥርሳቸው መሃል ቀጭ ሲል እኔ አጥንቱን እሰማ ነበር።

አንድ ዓመት በጋ ጋሽ ጳውሎስ ማቲንና እኔን ጠርተው፣ «ነገ ወንዙ ውስጥ ትሮጣላችሁ። የቀደመ ከእኔ ጋር ጂንካ ይሄዳል፤ እዚያ አስተምረዋለሁ» አሉ።

ያኔ እኛ ጋ የነበረው ትምህርት ቤት ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ጂንካ ዘመድ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ እርግጠኛ ለመሆን ጠየቅኳቸው።

«እኔም ልሩጥ፣ ጋሼ?»

«ሩጪ እንጂ! ማን ከለከለሽ?» አሉኝ እየሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ወረድን። ጎረቤቶቹም ለማየት ወጥተዋል። የወንዝ አሸዋ ሯጭን ይይዛል፤ በኃይል በረገጡት ቁጥር እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ማቲ ከእኔ በቁመትም በጉልበትም ይበልጣል፤ ተነስቶ እንደ ፍየል ዘለለና ወዲያው ጥሎኝ ሄደ። እኔ ግን ጀሪካን ተሸክሜ በዚያ አሸዋ ላይ በየቀኑ የምመላለስ ልጅ ነኝ። እርምጃዬን አጠር አጠር እያደረግኩ፣ አሸዋውን በእግር ጣቶቼ ብቻ እየነካሁ ሮጥኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ማቲ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ አልፌው ሄድኩ። መድረሻችን አሸዋውን ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጋ ነበር፤ እዚያ ስደርስ እልልታቸው ተቀበለኝ። ባቴ ተቃጥሏል፣ ጉሮሮዬ ደም ደም ይላል፤ እንደዚያ ቀን ግን ተደስቼ አላውቅም።

ጋሽ ጳውሎስ ቀስ ብለው እየተራመዱ መጡ። እጄን ይይዙኛል ብዬ ስጠብቅ የማቲን ትከሻ አቀፉ።

«በርታ፣ ነገ እንሄዳለን» አሉት።

«እኔ እኮ ነኝ የቀደምኩት፣ ጋሼ!»

«አይቼሻለሁ። ደህና እግር ነው ያለሽ፤ ውሃ ለማመላለስ ይጠቅምሻል።»

እናቴ፣ «ልጅቷ ናት እኮ የቀደመችው» ብላ ጀመረች። አባቴ ግን፣ «ወንድሜ ተናግሯል፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። ማቲ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ በጣቱ ይጭር ነበር።

የዚያን ቀን ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጋሽ ጳውሎስ ያንኑ ተረት እንደገና አወሩት። በዚህኛው ግን ሁሉንም ቀድማ የደረሰችው እንስት እንሹ፣ ያቺ ትንሿ ሚዳቋ ነበረች። አንበሳው ከላይ እስከ ታች ያያትና፣ «በይ ቅጂና ለባልሽ ውሰጂለት!» ይላታል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ አባቴም ሳቀ። እናቴ የኩራዙን ክር ዝቅ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። እኔ ቁጭ ብዬ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ጎህ ሲቀድ አይሱዙው ማቲን ይዞ ሄደ።

እኔ በኋላ ዲመካ ባል አግብቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ማቲ ተምሮ ጂንካ የመንግሥት ሥራ ያዘ። ጋሽ ጳውሎስ ያረፉት አምና ነው፤ ለቅሶ ልደርስ ሴት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ ሲያበቃ ማቲ ስለ እሳቸው ለመናገር ተነሳ።

«እኔን ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው» አለ እንባው እየፈሰሰ። «ቱርሚ አሸዋ ላይ አሯሩጠውን እኔ ስለቀደምኩ ወሰዱኝ። ያንን ሩጫ ምሽት ምሽት ለእንግዳው ሁሉ ያወሩልኝ ነበር።»

ዓይኑን አየሁት፤ እየዋሸ አልነበረም። ልጄ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «አንቺስ ስንተኛ ወጣሽ፣ እማዬ?» አለችኝ።

ወደ ዲመካ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?» ብላ ተቆጣች። ለቅሶ ቤት ነው አልኳት፤ መልሱ ግን እሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማቲ እውነት ብሎ የያዘውን ታሪክ የሰጡት እኚያ ሰው ናቸው፤ እኔም ከእሳቸው የወሰድኩት አለኝ። ዛሬ የጎረቤት ልጆች ከብበውኝ ተረት ሳወራላቸው፣ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ልጆቹም ጠጋ ይላሉ። ያ ድምፅ የጋሽ ጳውሎስ ነው። ሌላ አላውቅም።