ጤፍ የገባበት ጌም

ባለፈው ሳምንት በእጅ የሚያዘውን የጌም ኮምፒውተሬን ጀርባ ፈታሁ። ሚሞሪው ስለሞላ በትልቅ ልቀይረው ነበር። ትንሿ ፋን፣ ጠፍጣፋው ባትሪ፣ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ስስ ሽቦ፣ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ሚሞሪው የተያዘው በአንዲት ብሎን ብቻ ነው። እሱን አውጥቼ ስጨርስ እጄ ሳላዝዘው ማሽኑን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገው። ጤፍ ይረግፍ እንደሆነ እያየሁ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ የኮሌጅ መምህር ሆኖ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች፤ ታላቅ ወንድሜ ሄኖክ ደግሞ ትምህርቱን እስኪጨርስ አክስቴ ዘንድ ቀረ። ስንለያይ በእጅ የሚያዘውን ትንሽ ጌሙን ሰጠኝ። ጀምሮ ያልጨረሰው ጨዋታ ነበረበትና፣ “የኔን እንዳታጠፊብኝ፤ ስመጣ እጨርሰዋለሁ” አለኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እከፍተዋለሁ። አልጫወትም። ስክሪኑ ላይ የሄኖክ ሰውዬ አንድ ድልድይ አጠገብ፣ እሱ ባቆመበት ቆሟል። እሱን አይና እዘጋዋለሁ። በዚያ ከተማ ከአባቴ ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ወደ ደቅ ደሴት የምትሄደው ጀልባ ስትነሳ ለማየት ድንጋይ ላይ ስወጣ ጌሙ ከእጄ አምልጦ ውሃ ገባ። ውሃ የነካው ስልክ ሩዝ ውስጥ እንደሚቀበር ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እቤት ሩዝ የለም። ጤፍም እህል ነው ብዬ የጤፉ ማዳበሪያ ውስጥ እስከ ክርኔ ድረስ ቀበርሁት። ሦስት ቀን ለአባቴም ትንፍሽ አላልሁም። ሳወጣው አይበራም፤ ስነቀንቀው እንደ ጸናጽል ይንሿሿል።

አባቴ ግሽ አባይ ሰፈር ስልክ የሚጠግኑ ጋሽ አዱኛ የሚባሉ ሰው ዘንድ ወሰደኝ። የጌሙን ሆድ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባትሪው አብጧል፤ በየቁልፉ ሥር ጤፍ፣ ድምጽ ማውጫው ውስጥ ጤፍ። ጋሽ አዱኛ የፎገራ ሩዝ አፍንጫችሁ ሥር እያለ በጤፍ መቅበር ምን የሚሉት ነው ብለው አባቴ ላይ ቀለዱ፤ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ብለው ወረንጦውን ለእኔ ሰጡኝ። አንድ በአንድ ለቀምሁ። በመጨረሻ ቦርዱ ላይ የተበየደች ጥቁር ቺፕ አሳዩኝ።

“ልጄ፣ የተጫወታችሁት ሁሉ እዚች ውስጥ አለ። ቦርዱ ግን ሞቷል፤ እኔ ላወጣልሽ አልችልም።”

ከዚያ በኋላ ሄኖክ በደወለ ቁጥር ተኝታለች በለው እያልሁ አባቴን አስዋሸሁት። አንድ እሑድ ግን ስልኩን ራሴ አንስቼ እያለቀስሁ ነገርሁት።

“የቱ ጨዋታ?” አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ዛሬ የተጫወቱት ነገር አይጠፋም። አዲሱን ሚሞሪ አስገብቼ ሳበራው ያስቀመጥሁት ሁሉ ከኢንተርኔት ተመልሶ መጣ። ሄኖክ አዲስ አበባ ትዳር ይዟል፤ ለበዓል ይደውላል፣ ስለ ልጆቹ ያወራኛል፣ እወደዋለሁ። የድሮውን ጌም ከመሳቢያ አውጥቼ ነቀነቅሁት። የሆነ ቦታ አንድ ፍሬ ጤፍ ቀርታበታለች። ድልድዩ አጠገብ የቆመው ሰውዬም እዚያች ጥቁር ቺፕ ውስጥ አለ። ሄኖክ እንደረሳው ለሰውዬው እስካሁን አልነገርሁትም።