«ውጣ» የምለው ውሻ

ልጄ ከምንኖርበት ከኦሮራ ሁለት ቀን ነድታ ኦሪገን ባሕር ዳር ያደረሰችን ውሻውን ለሰው ለመስጠት ነበር። ሰበቡ እኔ ነኝ። እሷ ቤት ስገባ ውሻው ቀድሞኝ ነበር። ጸሎት በማደርስበት ቤት ውሻ ሲመላለስ ደስ አይለኝም ብዬ አንድ ጊዜ ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጄ ግን ነገር አትረሳም። ድሮ አብራት ተከራይታ የኖረች ጓደኛዋ ባሕሩ አጠገብ ቤት አላት፤ እኔ እወስደዋለሁ አለች።

እኔና ውሻው ብዙም አንነጋገርም ነበር። ማዕድ ቤት ሲገባብኝ «ውጣ» እለዋለሁ። በባዶ እጅ ስለማይሰማኝ ቁራሽ ዳቦ ይዤ በጓሮ በር እወረውርለታለሁ። ሁለት ዓመት ከዚህ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አቅፋው ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በዚህ እኔን ትመስላለች።

የልጄ ጓደኛ ከሥራ የምትወጣው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቱን አሸዋው ላይ ስንዞር ቆየን። ልጅቷ በአንድ እጇ የውሻውን ማሰሪያ ይዛ በሌላው ባሕሩ የተፋውን ትለቅማለች፤ ዛጎል፣ ውሃ ያለሰለሰው እንጨት፣ የሸርጣን እግር። ሁሉንም ለእኔ ታቀብለኛለች።

«እማማ፣ ያዝ።»

«ያዢ በይ። እኔ ወንድ ነኝ?»

«ኦኬ፣ ሶሪ። ያዢ።» ከዚያ ቀጣዩን ይዛ ትመጣና «ያዝ» ትለኛለች። የሹራቤ ኪስ በአሸዋ ተሞላ።

ፊት ለፊታችን ካሉት ድንጋዮች ላይ ትልልቅ ጥቁር እንስሳት ተጋድመው ይጮኻሉ። የባሕር አንበሶች ናቸው አለችኝ ልጄ።

«አንበሳ ነው እንዲህ ተዘርግቶ የሚውል?»

«አንቺስ እማዬ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ምን ታደርጊያለሽ?»

ይህን ስንባባል አንዱ የባሕር አንበሳ ከድንጋዩ ተንሸራትቶ ውሃ ገባ። ውሻው ማሰሪያውን ከልጅቷ እጅ አስለቅቆ ተከተለው። መጀመሪያ ጀርባው ይታይ ነበር፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ ብቻ። ማዕበሉ ሸፈነው፤ ወጣ፤ ደግሞ ሸፈነው። ልጅቷ ስሙን እየጠራች፣ በእንግሊዝኛ ና እያለችው ወደ ውሃው ስትሮጥ እናቷ ከወገቧ ያዘቻት። ውሻው ግን እየራቀ ሄደ።

«ውጣ» ብዬ ጮኽኩ። ከውሃው ውጣ ማለቴ ነበር።

አንገቱን አዞረ።

«ውጣ» አልኩ እንደገና።

ማዕበሉን እየሰነጠቀ መጣ። ልጅቷንም እናቷንም አልፎ እኔ እግር ሥር ቆመና እጄን ያይ ጀመር። ኪሴ ውስጥ ከዛጎል በቀር ምንም አልነበረም። ባዶ እጄን እርጥብ ጭንቅላቱ ላይ አደረግሁት። ነክቼው አላውቅም ነበር። ይንቀጠቀጣል።

ልጄ ሳቅም ለቅሶም ያዛት። «እማዬ፣ ውጣ ስትዪው መጣ እኮ።»

የልጅ ልጄ ግራ ገብቷት አየችን። «ውጣ ማለት፣ ና፣ ዳቦ ብላ ማለት አይደለም?»

ሁለት ዓመት አንዱ ጥግ ሆና ስታየን የተማረችው ይህን ነው። ውሻውም እንደዚያው። ሳባርረው የጠራሁት መስሎታል። ላርማት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ለጓደኛሽ ደውዪላት» አልኳት ልጄን።

«ምን ልበላት?»

«አሮጊቷ ሐሳቧን ለወጠች በያት። ጸሎቴን መኝታ ቤቴ አደርሳለሁ። በር አለው።»

ጓደኛዋ ግን ከሥራ ስትወጣ የራሷን ሁለት ውሾች አስከትላ መጣች። «እማማ፣ እኔ እንግዲህ ባዶ እጄን ልመለስ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ከኪሴ አንድ ዛጎል አውጥቼ ሰጠኋት።

ወደ መኪናው ስንመለስ ልጅቷ ጫማዋን ለማራገፍ ጎንበስ አለችና ማሰሪያውን ዘረጋችልኝ።

«እማማ፣ ያዝ።»

ያዝኩ።