የስለት ፀጉር ሻምፖ

ድሬድ ያስጀመረኝ አምሮት ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ካዛንቺስ ሠፈራችን ውስጥ ፀጉራቸውን ያስገመዱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሲያልፉ ሴቶች ዞር ብለው ያዩዋቸዋል። እኔም ዞር ተብሎ መታየት አማረኝ። እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትመላለስና ስትተኛ በቆየችባቸው ወራት፣ የሚቆጣኝ ሰው ቤት ስላልነበረ ፀጉሬን አሳደግኩና አስገመድኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ራሴን ነው። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ፣ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለችኝ። ተናዳ ስፌቷ እንዳይፈታ ፈራሁ ብል ደስ ባለኝ። የፈራሁት ለፀጉሬ ነው።

"ስለት ነው" አልኳት። "አንቺ ድነሽ እስክትጠነክሪ ድረስ ላልቆርጠው ለቂርቆስ ተስያለሁ።"

እናቴ በሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት። ያን ቀን አለቀሰች፤ ራሴን ሳብ አድርጋም ሳመችው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ስለ ፀጉሬ ክፉ ሲያነሳ "የልጄ ፀጉር ስለት ነው" ትላለች፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ፣ ጻድቅ መስዬ አልፋለሁ። ድፍረቴ ዛሬም ይገርመኛል።

ክረምት ሲገባ ጣጣው መጣ። ባገኘሁት ሳሙና ስታጠብ ጉንጉኑ ውስጥ ነጭ ነገር ይቀራል፤ ፀሐይ ስለሌለ ፀጉሬ ሳይደርቅ ይውላል፤ ራሴን ያሳክከኛል፤ እርጥብ ጆንያ ጆንያ እሸታለሁ። ኮስሞቲክስ ቤት የምትሸጠው ልጅ፣ "ክሬም የሚመስለውን በቃ ተወው፤ አይለቅልህም። ማለቴ፣ ቀጠን ያለ፣ አረፋው ቶሎ የሚጠፋ ፈልግ፤ ለስለስ ያለ" አለችኝ። ያለችኝን ለእናቴ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት።

"የስለት ፀጉር ላይ ዝም ብሎ የተገኘ ነገር አይሞከርም" አለች። "መጀመሪያ እኔ ልየው።"

በሽታው የሷን ፀጉር አሳስቶት ነበር፤ ሻሿን ስታወልቅ የራሷ ቆዳ በየመሀሉ ይታያል። ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሽ ፓኬት የሚሸጥ ሻምፖ ታመጣና፣ ግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ሳፋ አስቀምጣ፣ በዚያ በሳሳ ፀጉሯ ላይ ትሞክረዋለች። ዓይን ያቃጥል እንደሆነ ለማወቅ አረፋው ሲወርድ ዓይኗን አትጨፍንም። የማለቅለቂያው ውሃ ቶሎ ይጠራ እንደሆነ ጎንበስ ብላ ሳፋውን ትመለከታለች። ጆጉን ይዤ ውሃ የማፈሰው እኔ ነኝ።

አንዱ ፀጉሯን አደረቀው፣ አንዱ ሽታው በዛ፣ አንዱ በሦስት ጆግ ውሃም አልለቅ አለ። በአራተኛው ቅዳሜ ሻሿን ሳታስር ጠራችኝ። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቆዳ ቀልቶ አብጧል።

"ይሄኛው ክፉ ነው" አለች፣ ምንም ሳይመስላት። "እንኳን አንተ ላይ አልደረሰ።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ነገሩ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቅባት ላምጣልሽ ብያት ከቤት ወጣሁ።

በመጨረሻ ያገኘችው ሕፃን የተሳለበት ጠርሙስ ነበር፤ ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ፣ ሽታው እምብዛም የማይሰማ። "ለሕፃን የሆነ ለስለትም ይሆናል" አለችና ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሷ እጅ ታጥበኝ ጀመር። እያንዳንዱን ጉንጉን ለብቻው በፎጣ ትጨምቀዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ሻምፖው ዓይን አያቃጥልም፤ እኔ ግን ፊቷን ላለማየት ስል እጨፍናለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ታጠብኩ።

ከዚያ ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። "ፀጉርህን ተቆረጥና ሰኞ ና" አሉኝ። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰድኩም፤ ኦሎምፒያ ያለ ፀጉር ቤት ገብቼ ተቆረጥኩ። የምታጸዳው ሴት ጉንጉኖቹን ከሌላ ሰው ፀጉር ጋር ደባልቃ ጠረገችና ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው። እያየሁ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ዓይኗ ራሴ ላይ ነው፤ እጇ ግን ወደ ገዛ ሆዷ፣ ወደ ስፌቱ ሄደ።

"አስገባኸው?" አለችኝ።

"አስገባሁ።"

"ምነው ሳትነግረኝ? አብሬህ ልሄድ ጧፍ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር እኮ።" ራሴን ዳበስ አድርጋ፣ "ፀጉሩንስ የት አደረጋችሁት?" አለች።

"እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ" አልኳት።

እልል አለች፤ ለብቻዋ፣ በቀስታ። ጧፉን በማግስቱ ራሷ ወስዳ ሰጠች።

ብዙ ዓመት ሆነው። እኔ ዛሬ ከነጭራሹ መላጣ ነኝ፤ እሷ፣ ተመስገን፣ ደህና ናት። የተረፈውን ሻምፖ እስኪያልቅ የታጠበችበት እሷ ነበረች። አንዳንዴ ላንቻ አክስቴን ልንጠይቅ በሚኒባስ አብረን እንሄዳለን። ኦሎምፒያን ስናልፍ እኔ በሌላው መስኮት አያለሁ። ወደ ቂርቆስ ስንቃረብ እሷ ታማትብና በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች።

"ተሳለም እንጂ" ትለኛለች። "ፀጉርህ እኮ እዚያ ነው ያለው።"

አንገቴን ደፍቼ እሳለማለሁ።