ሳይጠየቅ የገባው እንግዳ

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የአባቴ ቤት ዛሬ አልቤርጎ ሆኗል። ደጃፉ ላይ ስቆም ባለቤቷ፣ «እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ መንገደኛ ከባቡር ወርዶ እየተንቀጠቀጠ እዚሁ ቆሞ ነበር። እናቴ፣ «አዋሽ ላይ ተስቦ ገብቷል ይባላል፤ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ» አለች።

አባቴ ተቆጣ። «በቤቴ እንግዳ እህል ሳይቀምስ አይጠየቅም።»

ታላቅ እህቴ ብርቄ እግሩን አጠበችው፤ ብርድ ብርድ ሲለው ጋቢዋን አለበሰችው። ሲሄድ መልሳ ለበሰችው። ወር ሳይሞላ በዚያው ጋቢ ተገንዛ ወጣች።

ከቀብር መልስ አባቴ፣ «ብጠይቀውስ፣ እመልሰው ነበር?» አለ። ጥያቄው ያኔ አልገባኝም።

የአልቤርጎዋ ባለቤት፣ «መጠየቁ ደንብ ሆኖብን ነው፣ አይቀየሙኝ» አለች።

«ጠይቂ ልጄ» አልኳት። «ሳትጠይቂ ማንንም አታስገቢ።»