ለሙሾ የማይመች ክኒን

ባየልኝ በየዓመቱ ከጎጃም ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው ሰሊጥ ለማጨድ ነው። የሚታወቀው ግን በማጭዱ ሳይሆን በጉሮሮው ነው። እሱ ግጥም ሲያወርድ ማሳው ሙሉ ይቀበላል፤ የጎበጠ ወገብም ሕመሙን ይረሳል።

አምና ጓደኛው አለነ ሞተ። ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው እርሻ፣ ጊንጥ አይደርስብኝም ብሎ መጋዘን ገባና የማሽላ ጆንያ ላይ ወጥቶ ተኛ። ጆንያው ሸራ ለብሶ ነበር፤ ከሸራው ሥር ደግሞ የነቀዝ ክኒን ተደርጓል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይተፋል። ነቀዙም ሞተ፣ አለነም ሞተ።

ሐኪሙ ይህን ለባየልኝ በግልጽ ነግሮታል። ነገር ግን ክኒን የሚሉት ቃል ለሙሾ አይመችም። ስለዚህ እንዲህ አለ፦

አለነ ጎበዙ፣ ጥይት የፈራችው፣
ቆላ ወዳው ኖሮ ከእቅፏ አስቀረችው።

ማሳው አለቀሰ። የእርሻው ባለቤት በመጋዘኑ በር ላይ የራስ ቅል አሣለበት፤ በማግስቱ አንዱ ባርኔጣውን ሰቀለበት። ሙሾው ግን እስከ ገለጉ ከተማ ደረሰ። አለነን ቆላ እንደወደደችው ያልሰማ የለም፤ በምን እንደሞተ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

ዘንድሮ በአጨዳው መካከል ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የሠራተኞቹ ዳስ አፈሰሰ። አዲሱ የመጋዘን ጠባቂ ማዕረግ አዘነላቸውና በሩን ከፈተ።

ባየልኝ ከማሳ ሲመለስ ሰዉ መጋዘኑ ውስጥ፣ ጆንያው ላይ ሰሌኑን ዘርግቶ አገኘው።

«ክኒን የለበትም?» አለው ማዕረግን።

«አለበት እንጂ። ለነቀዝ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።»

የዘንድሮው አዲስ አጫጅ ዘመነ ከጆንያው ጫፍ ተጣራ። «አያ ባየልኝ ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ። ሰርኬ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት አልቆጠበችም፣ እስከዚህ ይሸታል።»

ወጥ ሠሪዋ ሰርኬ ከደጅ ሆና «ነጭ ሽንኩርት? እኔ ዘንድ? ጨውም በልመና ነው» አለች።

ባየልኝ ሽታውን ያውቀዋል። አምና ሬሳውን ሲያወጣ ከአለነ ልብስ ላይ ነበር።

«ውጡ። አለነ የሞተው እዚህ ነው።»

«እሱንማ ቆላ ወዳው ነው» አለ ዘመነ እንደተጋደመ። «እኔን እናቴም አልወደደችኝ፤ ምን ያስፈራኛል?»

ሰዉ ሳቀ። የተነሣ የለም። ባየልኝ የሚከራከረው ከገዛ ሙሾው ጋር መሆኑ ገባው፤ ከእሱ ይልቅ ደግሞ የሚታመነው ሙሾው ነው። ደጅ ቆሞ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ በዚያው ዜማ አወረደ፦

አለነን ያስቀረው ፍቅርም አይደል ቆላ፣
የነቀዝ ክኒን ነው ከሸራው በኋላ።

ሰዎቹ በልማድ ተቀበሉ። የሚሉትን ራሳቸው የሰሙት ሲደግሙት ነው። ሲሠልሱት ደጅ ነበሩ።

ዘመነ መጨረሻ ወረደ። ራሱ ዞረበት፤ በሩ ሥር አስታወከ።

«ይሄ ዘፈን ነው የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ?» አለ አፉን እየጠረገ።

«ዜማው ያው ነው።»

«የድሮው ይሻል ነበር።»

«ይሻላል» አለ ባየልኝ። «ለሞተ ሰው።»

ከትራክተሩ ተሳቢ ሥር ተጠጋግተው፣ እየረጠቡ አደሩ። ሲነጋ ዘመነ የብርድ ልብሱን ውሃ እየጨመቀ ይነጫነጭ ነበር።

በዚያ እርሻ ዛሬም የሚዘፈነው አስቀያሚው የክኒን ግጥም ነው። አንዳንዴ፣ ፀሐይ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅና የታሰረው ሰሊጥ ወርቅ ሲመስል፣ የድሮው ሙሾ በባየልኝ ጉሮሮ ላይ ይመጣል። ውሃ ይጠጣበትና መልሶ ይውጠዋል።