የሐይቁን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ

ኮልፌ በምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች የሚመደቡበትን ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል መርጠው ቅጽ ሲሞሉ የማማክራቸው እኔ ነኝ። በክረምት ቢሮዬ ሕልም ይመስላል፤ በመስኮቱ የሚገባው ጉም ይሁን ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ የመጣ ጭስ አይለይም። እንዲህ ባለ ቀን ነው ስለ ተወለድኩበት አገር ሳወራ የምውለው፤ ስለ ሐይቁ፣ ማለዳ ውኃው ላይ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚያልፈው ታንኳ። ምክር ልሰጥ ተቀምጬ ናፍቆቴን ነበር የማካፍላቸው።

አንዷ ልጅ ይህንን ሰምታ የአገሬን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አድርጋ ሞላች። ጊዜው ደግሞ በዚያ በኩል መንገዱ በግጭት የታወከበት ነው። ቅጹ በሚሰበሰብበት ጠዋት እናቷ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ ሴት፣ ሒጃባቸው በካፊያ ርሶ ከልጃቸው ጋር መጡ።

«መምህርት፣ እርስዎ አገርዎ መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

«ምነው?»

«መንገዱ…»

«ያ አላህ! ለእርስዎ የተዘጋ ለልጄ ይከፈታል?»

«እማ፣ በአውሮፕላን እኮ ነው!» አለች ልጅቷ።

«መሄጃው አየር ነው፤ መኖሪያውም አየር ነው?»

በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ሰርዢው» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አገር ቤት እናቴ ጋ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ተቋርጦ ገባ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ከእናቴ ድምፅ በፊት የግቢያችን ወፎች ተሰሙ። የልጅቷን ነገር ባጭሩ ነገርኳት።

«እንደው በፈጣሪ፣ እናንተ ጋ ሰላም ነው?» አሉ የልጅቷ እናት።

«አልዋሽሽም እህቴ፤» አለች እናቴ። «አንዳንድ ቀን ገበያ እንወጣለን፤ አንዳንድ ቀን በር ዘግተን እንውላለን። ከመጣች ግን የልጄ አልጋ ባዶውን ነው።»

ሴትዮዋ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስተው በሒጃባቸው ደረቅ ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ።

«እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፤» አሉ። ወደ ልጃቸውም ዞረው፣ «ተይው፤ አትሰርዢው።»

ልጅቷ እዚያው ተመደበች፤ ሄደችም። ቅዳሜና እሑድ እናቴ ቤት ናት። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ስለማይገናኝ እናቴ ለእሷ ብላ ዓሣ ትሠራለች። እኔ አሁንም እዚሁ ነኝ፤ ስጸልይ ስሟን ከእናቴ ስም አስከትላለሁ።

በቀደም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«ቲቸር፣ አልጋዎ ሲገላበጡበት ሲጥ ሲጥ ይላል እኮ!»

ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ ሰማሁት።

«ወደ ግድግዳው ስትጠጊ ይተዋል፤» ብዬ መለስኩላት።