ባዶ ሳጥን ሆኖ የደረሰው የክርስትና ምስክር ወረቀት

ዛሬ ሉማሜ ያሉ መሪጌታ ደውለው «ልጄ፣ የሙሽራዋ ስም ስንት ሳጥን ነው?» አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር ወረቀት በፒዲኤፍ አዘጋጅቶ በኢሜይል የሚልክ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። የአማርኛውን ፎንት ፒዲኤፉ ውስጥ ማስገባት ረስቼ ኖሮ፣ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ደርሷቸዋል። ሙሽራዋ ክርስትና የተነሣችው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ሠርጉ እሑድ እሳቸው ዘንድ ሉማሜ ነው፤ ያለ ወረቀቱ ደግሞ ተክሊል የለም።

እያፈርኩ «ወይንሸት ነው፤ አምስት» አልኳቸው።

ሲቆጥሩ ሰማኋቸው። «አምስት አለ። እሷው ናት።»

«ይታገሱኝ፣ አስተካክዬ ልላክልዎት።»

«ምን በወጣህ። ሳጥኑን አሰናድተህልኛል፤ አንተ አንብብልኝ፣ እኔ እሞላዋለሁ።»

ሙሉውን አነበብኩላቸው። ቆይተው ፕሪንት ያደረጉትን ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ፤ በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል በመቃ ብዕር ተጽፎበታል፣ ማኅተምም አርፎበታል።

የተስተካከለውን ፒዲኤፍ ብልክም «ይኼማ ቁም ጽሕፈቱ ደካማ ነው» ብለው መለሱልኝ።

እናንተስ፣ የላካችሁት ፋይል ምን ሆኖ ደርሶ ያውቃል?